ቤተኛ መልክ፦ የፕሮግራም ገጽታ ታሪክ ከዶስ ዘመን እስከ ገሱባ

ወጋ፣ ሳይኖ፣ ማቆሳኛ፣ አሩዋ፣ ሃሙሳ፣ አርባ፣ ቄራ። የሳምንቱ ቀናት በወላይትኛ እነዚህ ናቸው፤ ከእሑድ ተነሥተው ቅዳሜ ላይ ያልቃሉ። ሊኑክስ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የየቋንቋውን ልማድ በሚያስቀምጥባቸው ፋይሎች መካከል ለወላይትኛ የተሰጠ አንድ ፋይል አለ። ሰባቱ ቀናት እዚያ በግዕዝ ፊደል ሰፍረዋል። ጠዋቱን «ማለዶ»፣ ከቀትር በኋላውን «ቃማ» ይለዋል። ወሮቹን ግን ጃንዩወሪ፣ ፌብሩወሪ፣ ማርች እያለ ይቆጥራቸዋል።

በወላይታ፣ የኦፋ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው ገሱባ የሚማር ልጅ ሰባቱን ቀናት ከእናቱ አፍ ያውቃቸዋል። ትምህርት ቤት ግን ያገኛቸው በላቲን ፊደል ተጽፈው ነው፤ የወላይታ ትምህርት ቤቶች ከ1980ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ቋንቋውን የሚያስተምሩት በላቲን ነውና። በደብተሩ ላይ የግዕዝ ፊደል የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ነው። እንግዲህ አንድ ፕሮግራም የቤቱን ልጅ ለመምሰል ፈልጎ «የወላይታን ቀናት ስጠኝ» ብሎ ኮምፒውተሩን ቢጠይቅ፣ ኮምፒውተሩም ያለውን በታማኝነት ቢሰጠው፣ ተማሪው ፊት የሚቀርበው የራሱ ቋንቋ በሌላ ክፍለ ጊዜ ልብስ ነው።

ይህች ትንሽ አለመግባባት ከ30 ዓመት በላይ የፕሮግራም ሠሪዎችን ሐሳብ የያዘ የአንድ ሙያ ጭራ ናት። ሙያው በአጭሩ ይህ ነው፦ አንዴ የተጻፈ ፕሮግራም በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም እንዲሠራ ማድረግ፤ መሥራት ብቻ ሳይሆን በእያንዳንዱ ላይ እንግዳ ሳይሆን ቤተኛ እንዲመስል ማድረግ።

ቤተኛነት የሚለካው በጥቃቅን ነገሮች ነው። ዊንዶውስ ላይ ሜኑው በፕሮግራሙ መስኮት ውስጥ ይቀመጣል፤ ማክ ላይ ከስክሪኑ ጫፍ ላይ ይወጣል። አንዱ «ኮንትሮል»ን ሲያስነካ ሌላው «ኮማንድ»ን ያስነካል። ዊንዶውስ «እሺ»ን አስቀድሞ «ሰርዝ»ን ያስከትላል፤ ማክ ደግሞ «እሺ»ን በቀኝ ጠርዝ ያስቀምጣል። አንዱን የለመደ እጅ ሌላው ላይ ሲቀመጥ ሳያስበው የተሳሳተውን ይጫናል፤ ሲጽፍ የዋለበትን ፋይል የሚያጣውም እንዲህ ባለች ቅጽበት ነው። ነገሩ የጌጥ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ያየ ሁሉ ያውቀዋል።

መፍትሔ ፈላጊዎቹ ገና ከመጀመሪያው በሁለት መንገድ ተከፈሉ። የመጀመሪያው መዋስ ነው፦ ፕሮግራሙ ቁልፍ ሲያስፈልገው ራሱ አይሥልም፤ ያለበትን ሥርዓት «ያንተን ቁልፍ አምጣልኝ» ይለዋል። በ1992 እ.ኤ.አ. በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ጁልያን ስማርት የጀመረው፣ በኋላ ደብሊውኤክስዊጀትስ የተባለው የመሣሪያ ስብስብ በዚህ መንገድ የሄደ ነው። ሁለተኛው መንገድ ራስ መሣል ነው፦ ፕሮግራሙ ቁልፉንም፣ ሜኑውንም፣ መስኮቱን የሚያንሸራትተውንም ዘንግ በራሱ ቀለም ይሥልና የባለቤቱን መልክ ያስመስላል። በ1995 እ.ኤ.አ. ከኖርዌይ የወጣው ኪዩት እስከ ዛሬ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ጃቫ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሁለቱንም ሞክሯል። በ1996 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ይዞት የመጣው የመጀመሪያ ስብስብ ተዋሽ ነበር፤ ነገር ግን ለመዋስ የቻለው ሁሉም ሥርዓቶች በጋራ ያላቸውን ብቻ ነው። አንዱ ያለው ሌላው ከሌለው ይቀራል። ውጤቱ ለሁሉም የሚሆን፣ ማንንም በቅጡ የማይመስል ገጽታ ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣው ስዊንግ ፊቱን አዙሮ ሁሉንም ራሱ መሣል ጀመረ፤ የራሱን «ሜታል» የተባለ መልክ ይዞ በየቤቱ አንድ ዓይነት እንግዳ ሆኖ ገባ። በ2001 እ.ኤ.አ. ኤክሊፕስ የተባለውን የፕሮግራም መጻፊያ የሠሩት ሰዎች ደግሞ ወደ መዋስ ተመለሱ። ክርክሩ እንዲህ እየተመላለሰ ኖሯል።

ኢትዮጵያውያን ይህን ክርክር በሌላ በር አግኝተውታል። ለእነሱ የቀደመው ጥያቄ የቁልፉ ቅርጽ አልነበረም፤ በቁልፉ ላይ ምን ፊደል ይጻፍ የሚለው ነበር።

ከኮምፒውተር በፊት ኢንጂነር አያና ብሩ የግዕዝ ፊደልን በጽሕፈት መኪና ለማስገባት ሲደክሙ የገጠማቸው ችግር ዘሩ አንድ ነው። ለሃያ ስድስት ፊደል የተሠራ መኪና ከ200 በላይ ፊደል እንዲሸከም ሲጠየቅ፣ ፊደሉ ተቆራርጦ መግባት ነበረበት፤ ግንዱ በአንድ ምት፣ እግሩና ክንዱ በሌላ። በታይፕ የተመታ ደብዳቤ ያነበበ ሰው ያንን ከግንዱ ፈንጠር ብሎ የቆመ ቅጥያ ያስታውሰዋል። ፊደሉ በመኪናው ቤት ሲኖር የመኪናውን ጠባይ ይዞ ኖረ።

በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ፊደሉን ወደ ኮምፒውተር አስገቡት። ፍስሐ አጥላው በካሊፎርኒያ ዳሽን ኢንጂነሪንግን አቋቁመው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ሠሩ። የእንስሳት ሕክምና ባለሙያው ዶ/ር አበራ ሞላም ሞድኢት በተባለው ሥራቸው ከዊንዶውስ በፊት በነበረው ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ በዶስ ላይ ግዕዝን ጻፉ። የዶስ ዘመን ለዚህ ሥራ አመቺ ገጽታ ነበረው። ዶስ መስኮት የለውም፤ የሚበደር ቁልፍም ሜኑም የለውም፤ ማንኛውም ፕሮግራም ስክሪኑን እንደ ባዶ ሰሌዳ ተረክቦ ሁሉንም ራሱ ይሥላል። ስለዚህ የአማርኛው ፕሮግራም ከእንግሊዝኛው አላነሰም። ሁለቱም በሰው ቤት ሳይሆን በሜዳ ላይ የየራሳቸውን ድንኳን የተከሉ ነበሩ።

ዊንዶውስ ሲመጣ ሜዳው ቤት ሆነ፤ ቤቱም ባለቤት ነበረው። ሜኑውንና የመስኮቱን አናት የሚጽፈው ሥርዓቱ ራሱ፣ በራሱ ፎንት ነው። በዚያ ዘመን አንድ ፎንት 256 ቦታ ብቻ ነበረው፣ ከዚያም የመጀመሪያዎቹ 32 ለትእዛዝ የተያዙ ናቸው። 33ቱን የአማርኛ ፊደላት በሰባት ቢያባዙ 231 ይሆናል፤ ሏና ሟን የመሳሰሉት ዲቃላዎች፣ 20ው የግዕዝ ቁጥሮች፣ ሁለት ነጥብና አራት ነጥብ ሲጨመሩ ቦታው ሞልቶ ይፈሳል። ሠሪዎቹ ፊደሉን ለሁለት ፎንት እያካፈሉ፣ ወይም አንዳንዱን እያስቀሩ፣ በላቲን ፊደላት ወንበር ላይ አስቀመጡት። ኮምፒውተሩ በውስጡ የላቲን ፊደል ቆጥሮ ይይዛል፤ ፎንቱ በላዩ ላይ «ሀ»ን ያለብሰዋል። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ አጋፋሪ በየመሥሪያ ቤቱና በየጽሕፈት ቤቱ የነገሡት በዚህ ጥበብ ነው።

ጥበቡ ትልቅ ነበር፤ አገሪቱ ለሃያ ዓመት ያህል ደብዳቤዋን፣ ጋዜጣዋን፣ መጽሐፏን የጻፈችበት ነው። ዋጋው ግን ሁለት ነበር። አንደኛው፣ እያንዳንዱ ድርጅት ፊደሉን በየራሱ ወንበር ስላስቀመጠ በአንዱ የተጻፈ ሌላው ዘንድ አይነበብም፤ ከሶዶ ወደ አዲስ አበባ ጽሑፍ የሚልክ ሰው ፎንቱንም አብሮ ካልላከ ተቀባዩ የሚያየው የላቲን ፊደልና የምልክት ድርድር ነበር። ሁለተኛው ከርእሳችን ጋር የሚገናኘው ነው፦ የለበሰው ገጹ ብቻ ነበር። በገጹ ላይ አማርኛ ይጻፋል፤ ሜኑው፣ የፋይሉ ስም፣ የማስጠንቀቂያው መስኮት ግን እንግሊዝኛ እንደሆኑ ይቀራሉ። ሥርዓቱ ፊደሉን አያውቀውምና ግድግዳው ላይ ሊጽፈው አልቻለም። አንድ ትውልድ ጸሐፊ አማርኛ እየጻፈ «ሴቭ» እና «ፕሪንት» ማለትን የለመደው በዚህ ምክንያት ነው፤ እስከ ዛሬም አማርኛ ሜኑ ሲያይ ብዙ ሰው ይደናገረዋል።

ፊደሉ የራሱን ወንበር ያገኘው በመስከረም 1999 እ.ኤ.አ. የዓለም ፊደላት የጋራ መዝገብ የሆነው ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ነው፤ 345 የግዕዝ ምልክቶች ተመዘገቡ። ከዚያ በኋላ «ሀ» በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም አንድ ቁጥር ሆነ። ምዝገባ ግን መኖሪያ አይደለም። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ዩኒኮድን ቢያውቅም ግዕዝን የሚያሳይ ፎንት ይዞ አልመጣም፤ ተጠቃሚው ከውጭ ፈልጎ ያስገባ ነበር። በ2007 እ.ኤ.አ. ዊንዶውስ ቪስታ «ንያላ» የተባለውን ፎንት ይዞ ሲመጣ ግን ነገሩ ተለወጠ። በጆን ሃድሰንና በጄራልዲን ዌድ የተቀረጸው ይህ ፎንት ሥርዓቱ ራሱ የያዘው ስለሆነ፣ አማርኛ ያለ ምንም ተጨማሪ ሥራ በሜኑ፣ በፋይል ስም፣ በመስኮት አናት ላይ መጻፍ ተቻለ። ማክ ደግሞ «ከፋ»ን ይዞ መጣ። በሊኑክስ ዓለም የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ኖም የተባለውን የሊኑክስ ገጽታ ቀደም ብሎ ወደ አማርኛ መመለስ ጀምሮ ነበር።

የተዋሽነት ፍሬ እዚህ ላይ ይታያል። ቁልፉን ከሥርዓቱ የተዋሰ ፕሮግራም ሥርዓቱ ፊደል በተማረ ዕለት አብሮ ተማረ። ሁሉንም ራሱ የሚሥል ፕሮግራም ግን ራሱ መማር ነበረበት፤ የመረጠው ፎንት ግዕዝ ከሌለው ባዶ አራት ማዕዘኖች ይደረድራል።

መዋስም ቢሆን አደራ ይፈልጋል። ለዊንዶውስ የተጻፉ ብዙ የአማርኛ ፕሮግራሞች «ንያላን ተጠቀም» የሚል ትእዛዝ በውስጣቸው አለ። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ኢብሪማ የተባለው ፎንት ግዕዝን ስለያዘ፣ በዊንዶውስ 10 ንያላ ተጠቃሚው ሲፈልግ ብቻ የሚጨመር ሆነ። ፎንቱን በስም የጠራ ፕሮግራም ስሙን ጠርቶ ባለቤቱን አጣው፤ ሥርዓቱም በምትኩ ያለውን አቀረበለት፤ የመስመሩ ቁመት ተለወጠ፣ በጠባብ ቁልፍ ላይ የተጻፈው ቃል ጠርዙ ተቆረጠ። የሥርዓቱን ፎንት በስሙ ሳይሆን «የቤትህን ፎንት» ብሎ የጠየቀ ፕሮግራም ይህ አልደረሰበትም።

የተዋሰው ዕቃ የማይመልሳቸው ጥያቄዎችም አሉ። በዊንዶውስ ሜኑ ከቃሉ አንዷ ፊደል ከሥሯ ይሰመርና «አልት»ን ይዞ እሷን መንካት ሜኑውን ይከፍታል። አንድ ፊደል በአንድ ምት ይጻፋል ከሚል እሳቤ የመጣ ልማድ ነው። «ፋይል» ውስጥ ያለችው «ፋ» ግን በተለመደው አጻጻፍ ሁለት ምት ትፈልጋለች፤ ልማዱ በመጀመሪያዋ ፊደል ላይ ይሰበራል።

ከሁሉ የሚከፋው ቀን ነው። ፕሮግራሙ ቀን ለማስመረጥ የዊንዶውስን የቀን መቁጠሪያ ሲዋስ የሚያገኘው 12 ወር ነው። ጳጉሜን የሚቀመጥበት ሳጥን የለም። ማክ የኢትዮጵያን አቆጣጠር በምርጫዎቹ ውስጥ ይዟል፤ ዊንዶውስ አልያዘውም። በጀት ዓመቱን ሐምሌ 1 ቀን የሚጀምር የወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ላይ የሚሠራ ፕሮግራም፣ በዊንዶውስ ቤት ፍጹም ቤተኛ መስሎ፣ ከተቀመጠው ሒሳብ ሠራተኛ ጋር ግን አይተዋወቅም። ሠራተኛው ቀኑን በወረቀት ላይ ለውጦ ያስገባል። ይህን ያስተዋሉ የአገር ውስጥ ፕሮግራም ሠሪዎች የቀን መቁጠሪያውን ራሳቸው ሥለው አስገብተዋል፤ በዓለም ክርክር «ባዕድ መልክ» የሚያሰኘው የራስ መሣል መንገድ እዚህ ሰውየውን የሚያውቀው እሱ ሆኖ ተገኘ። ወላይታ ላይ ደግሞ ሌላ ስሌት ይጨመራል፦ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሽማግሌዎች የጨረቃን ዑደት ቆጥረው በመስከረም የሚያውጁት ነው።

ለማን ነው ቤተኛ የሚኮነው? ለማሽኑ ነው ወይስ ለሰውየው? በውጭ የተጻፈው ታሪክ ሁለቱን እንደ አንድ ይቆጥራቸዋል፤ ማክ የገዛ ሰው የማክን ልማድ ይዟል ብሎ ይነሣልና። ገሱባ ላይ ሁለቱ ይለያያሉ።

የገሱባ ወረዳ ኦፋ ወደ ደቡብ የጋሞንና የጎፋን አገር ይዋሰናል። ያ አካባቢ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አንድ ሥራ ለብዙዎች ሲዘጋጅ ምን እንደሚገጥም ክፉኛ የታየበት ነው። ያኔ ወላይታ በሰሜን ኦሞ ዞን ውስጥ ነበር። ወላይታን፣ ጋሞን፣ ጎፋንና ዳውሮን በአንድ የመማሪያ ቋንቋ ለማስተማር ታስቦ ከአራቱ ስሞች መነሻ «ወጋጎዳ» የሚል ስም ተሰጠውና መጻሕፍት ታተሙ። ቋንቋዎቹ ይቀራረባሉ፤ መጽሐፉ ግን ከአራቱ የተውጣጣ በመሆኑ የማንም የቤት ንግግር አልሆነም። በ1992 ዓ.ም. ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ። መጻሕፍቱ ተነሡ፤ በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ።

የሰው ነፍስ የጠፋበትን ነገር ከቁልፍ ቅርጽ ጋር ማመሳሰል አይገባም፤ ክብደታቸው አይቀራረብም። የአሠራሩ ስሕተት ግን ዘመድ አለው። የጃቫው የመጀመሪያ ስብስብም ሁሉም በጋራ ያላቸውን ሰብስቦ የማንንም መልክ ያልያዘ ነገር አወጣ። ሁለቱም ዘንድ አዘጋጁ ወጪ ቀንሷል፤ ተቀባዩ ደግሞ የራሱን ፊት ፈልጎ አጥቷል።

ወላይትኛ ራሱ ከፊደል ወደ ፊደል የተሻገረ ቋንቋ ነው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ካስተማረባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ነበር፤ ያኔ የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው። ከመንግሥት ለውጥ በኋላ ወደ ላቲን ተሻገረ። በሊኑክስ ፋይል ውስጥ ያለው ወላይትኛ የቀደመውን አጻጻፍ የያዘ ነው። ዩኒኮድ በበኩሉ በ2010 እ.ኤ.አ. ለጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ ድምፆች የሚሆኑ የግዕዝ ፊደላትን ጨምሯል። የቋንቋ ኮዱም ታሪክ አለው። በዓለም አቀፉ መዝገብ ወላይትኛ የሚጠራባቸው ሦስት የላቲን ፊደላት የተወሰዱት ሕዝቡ ከማይቀበለው የድሮ መጠሪያ ነው። የመዝገቡ ስም ታርሞ ወላይታ ሆኗል፤ ፊደላቱ ግን እንደነበሩ ናቸው።

ላቲን በመሆኑ ወላይትኛ አማርኛ የደከመበትን ጥርጊያ በአንድ ርምጃ አልፏል። የተለየ ፎንት አይፈልግም፤ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራ ኮምፒውተር ላይ እንኳ ይጻፋል። ይሁንና የፊደል ቤተኛነት የቋንቋ ቤተኛነት አልሆነለትም። በጽሑፍ ማዘጋጃው ፕሮግራም ከያንዳንዱ ቃል ሥር ቀይ ሞገድ ይሰመራል፤ ፕሮግራሙ እንደ ተሳሳተ እንግሊዝኛ ይቆጥረዋልና።

እዚህ ላይ የ7 ነገር ይመጣል። ወላይትኛ በላቲን ሲጻፍ በጉሮሮ ላይ የሚቆረጠው ድምፅ የሚወከለው በቁጥር 7 ነው። «አሁን» የሚለው ቃል መሃሉ ላይ ሁለት 7 ተከታትለው ይገባሉ። ለአንባቢው 7 ፊደል ነው፤ ለኮምፒውተሩ ቁጥር ነው። ማይክሮሶፍት ወርድ ቁጥር ያለባቸውን ቃላት ሳያርም እንዲያልፍ ሆኖ ስለሚመጣ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሌላው ሁሉ ቀይ ሲሰመርበት 7 ያለበት ቃል ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ርእስ በትልልቅ ፊደል እንዲጻፍ ሲታዘዝ ሁሉም ፊደል ያድጋል፤ 7 ትልቅም ትንሽም የለውምና ባለበት ይቆማል። ቤተኛ ገጽታ ያለው መስኮት ይህን ሁሉ ምንም ሳይመስለው ያልፈዋል።

የቅርቡ ዘመን መሣሪያዎች ክርክሩን ወደ ራስ መሣል መልሰውታል። በ2013 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ኤሌክትሮን ፕሮግራሙን ከነሙሉ የድረ ገጽ ማሳያው ጠቅልሎ ስለሚያቀርብ በየሥርዓቱ አንድ ዓይነት መልክ አለው፤ የዊንዶውስም የማክም ቁልፍ አይዋስም። የማክ ወዳጆች ያማርሩበታል። ለወላይትኛ ፕሮግራም ለሚጽፍ የሶዶ ወጣት ግን ይህ መልክ የጠፋ ነገር አያመጣበትም፤ የሚዋሰው ወላይትኛ ቁልፍ በየትኛውም ቤት አልነበረውም። 13 ወር ያለው የቀን መቁጠሪያ፣ 7ን እንደ ፊደል የሚቆጥር ፍለጋ፣ በላቲን የተጻፉ ሰባት ቀናት፣ ሁሉም በእጁ የሚሣሉ ናቸው።

ሌላው በር የመዝገቡ ነው። ዩኒኮድ የሚያሰባስበው የቋንቋዎች መረጃ አንድ ቋንቋ በሁለት ፊደል እንዲመዘገብ ይፈቅዳል፤ ሰርብኛ በሲሪሊክም በላቲንም አለ። የወላይትኛ መረጃ እዚያም የሚጀምረው በግዕዝ ነው። የላቲኑ እንዲገባ የሚያስፈልገው ዝርዝር ረጅም አይደለም፦ ፊደላቱ ከነ7፣ የቀኖቹ ስም፣ የወሮቹ ስም፣ ማለዶና ቃማ፣ የቁጥርና የገንዘብ አጻጻፍ። የገሱባ የወላይትኛ መምህር አብዛኛውን በአንድ ከሰዓት ጽፎ ይጨርሰዋል። ከወሮቹ ላይ ሲደርስ ብቻ ቆም ብሎ ያስብ ይሆናል፤ ፋይሉ ለአውሮፓውያን አቆጣጠር የሚጠብቀው 12 ነው።